የራስን የአፕ ማከማቻ መክፈት፦ የኤፍድሮይድ ሰርቨር መሣሪያዎች

ኤፍድሮይድ ለአንድሮይድ ስልኮች ነፃ ሶፍትዌር (ኮዱን ማንም ሊያየው፣ ሊቀይረውና ሊያጋራው የሚችለው) ብቻ የሚያቀርብ የአፕ ማከማቻ ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ስልኩ ላይ የሚጭነውን አፕ ነው፤ ከጀርባ ግን ኤፍድሮይድሰርቨር የሚባል በፓይተን የተጻፈ የመሣሪያ ስብስብ አለ። ዋናው ማከማቻ የሚሠራበት ይኸው መሣሪያ ለሁሉም ክፍት ነው። ስለዚህ ማንም የራሱን ማከማቻ ከፍቶ አድራሻውን ለተጠቃሚዎቹ መስጠት ይችላል። ለምሳሌ የግል ምስጢር የሚጠብቁ አፖችን የሚሠራው ጋርዲያን ፕሮጀክትና ኢዚኦንድሮይድ የራሳቸውን ማከማቻ እያስተዳደሩ ቆይተዋል። አፕ ለማሰራጨት የግድ የትልልቅ ኩባንያዎችን ደጅ መጥናት አያስፈልግም ማለት ነው፤ ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

መሣሪያዎቹ ቀን ከሌት የሚሠራ ፕሮግራም አይደሉም። ትእዛዝ ሲሰጣቸው ፋይሎችን አዘጋጅተው ያቆማሉ። ከዚያ በኋላ ፋይሎቹን ኤንጂንኤክስም ሆነ አፓቼ፣ ማንኛውም ተራ የዌብ ሰርቨር ሊያቀርባቸው ይችላል። ዳታቤዝ የለም። ስለዚህ መሣሪያዎቹን ኢንተርኔት ላይ በተጋለጠው ማሽን ላይ መጫን አያስፈልግም። ባይጫኑም ይሻላል። በራስ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ፣ ያለቀለትን ፋይል ብቻ ወደ ሰርቨር መላክ ነው የሚመረጠው፤ ምክንያቱን ከታች አነሳዋለሁ።

ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ ላይ ጭነቱ በአፕት አንድ የትእዛዝ መስመር ነው፤ ማክ ላይ በሆምብሩ ይጫናል (ሁለቱም ፕሮግራም የሚጭኑ መሣሪያዎች ናቸው)። አዲሱን ሥሪት የሚፈልግ በፒፕ፣ በፓይተን የራሱ መጫኛ፣ መጫን ይችላል፤ ግን ከዴቢያን 12 ጀምሮ ፒፕ ሲስተሙ ላይ በቀጥታ ጫን ሲሉት እምቢ ስለሚል መጀመሪያ ለብቻው የተከለለ የፓይተን አካባቢ መፍጠር ያስፈልጋል። ጃቫም ያስፈልጋል፣ ሙሉው ጄዲኬ (የጃቫ የፕሮግራም አዘጋጆች ጥቅል)። የኤፒኬን፣ ማለትም አፑ የሚጫንበትን ፋይል፣ ፊርማ የሚያጣራው ኤፒኬሳይነር የሚባል መሣሪያም መኖር አለበት።

ቀጥሎ ባዶ ፎልደር ከፍቶ፣ እዚያው ውስጥ ሆኖ ኤፍድሮይድ ኢኒት (fdroid init) የሚለውን ትእዛዝ መስጠት ነው። ሪፖ የሚባል ፎልደር፣ የኮንፊግ (የማስተካከያ) ፋይልና የማከማቻውን ዝርዝር የሚፈርመው የቁልፍ ፋይል ይፈጠራሉ። ቁልፉ አርኤስኤ የሚባለው የምስጠራ ዓይነት፣ ባለ 4096 ቢት ሲሆን የሚያገለግለው ለ10,000 ቀን ነው፣ ወደ 27 ዓመት ገደማ። የይለፍ ቃሉን መሣሪያው ራሱ ያመነጭና ኮንፊጉ ውስጥ ይጽፈዋል። እንግዲህ ሁለቱ ፋይሎች አንድ ላይ ከተሰረቁ ማከማቻው ተሰረቀ ማለት ነው፤ ሌባው በእናንተ ስም የፈለገውን ዝርዝር መፈረም ይችላል። መሣሪያው በራስ ኮምፒውተር ይሁን የምለውም ለዚህ ነው። ቁልፉ ቢጠፋም ሌላ ጣጣ አለው። የተጠቃሚዎች ስልክ በአዲስ ቁልፍ የተፈረመውን ዝርዝር አይቀበልም። እያንዳንዱ ሰው አሮጌውን አድራሻ አጥፍቶ አዲሱን ማስገባት ይኖርበታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሰው አድራሻውን ስልኩ ላይ ሳያስገባ ባክአፕ ያዙ፣ ሁለቱንም ፋይሎች።

ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። ይህ ቁልፍ የሚፈርመው የማከማቻውን ዝርዝር እንጂ አፖቹን አይደለም። በአዘጋጁ ተፈርሞ የመጣ ኤፒኬ የአዘጋጁን ፊርማ እንደያዘ ይቀመጣል።

ኤፒኬዎቹን ሪፖ ፎልደር ውስጥ ካስገቡ በኋላ ኤፍድሮይድ አፕዴት (fdroid update) የሚለው ትእዛዝ ያነባቸውና ዝርዝሩን ያዘጋጃል። ሰረዝ ሲ (-c) ከተጨመረበት ለእያንዳንዱ አዲስ አፕ የመግለጫ ፋይል ይከፍታል፤ ስሙን፣ ፈቃዱንና አጭር መግለጫውን የሚሞላው ሰው ነው። ዝርዝሩ ኢንዴክስ ቪ2 በሚባል ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ፊርማው ግን ያለው ኤንትሪ በተባለ ትንሽ የጃር ፋይል ላይ ነው፤ እሱ የዝርዝሩን የኤስኤችኤ-256 አሻራ፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ አጭር መለያ፣ ይይዛል። ስልኩ መጀመሪያ ትንሿን ፋይል ያወርዳል፣ ፊርማዋን ያጣራል፣ ከዚያ ትልቁ ዝርዝር ከአሻራው ጋር መግጠሙን ያያል። በመሃል አንዲት ፊደል ብትነካ ይታወቃል።

የመጨረሻው ትእዛዝ ኤፍድሮይድ ዲፕሎይ (fdroid deploy) ነው። ፋይሎቹን በአርሲንክ (ፋይል ማመሳሰያ) እና በኤስኤስኤች (በተመሰጠረ ግንኙነት) ወደ ሰርቨሩ ይልካል። ሰርቨሩ ላይ ፋይሎቹ የሚቀመጡበት የፎልደር አድራሻ fdroid በሚለው ስም ማለቅ አለበት፤ ካላለቀ ትእዛዙ ስህተት ብሎ ይቆማል፣ በኮንፊጉ ልዩ ፈቃድ ካልተሰጠው በቀር። ለተጠቃሚ የሚሰጠው አድራሻ የማከማቻውን ቁልፍ አሻራ ጨምሮ ቢሆን ጥሩ ነው። ስልኩ ገና ሲጀምር ትክክለኛውን ቁልፍ እንዲያውቅ ያደርገዋል።

ከምንጭ ኮድ ተነስቶ አፕ መገንባትም ይቻላል፣ በኤፍድሮይድ ቢልድ (fdroid build) ትእዛዝ። ዋናው ማከማቻ የሚሠራው እንደዚህ ነው። ግን የአንድሮይድ ኤስዲኬ (የአፕ መሥሪያ ጥቅል)፣ ብዙ የዲስክ ቦታና ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የሌላ ሰው ኮድ ስለሚሮጥም ግንባታው በተለየ ቨርችዋል ማሽን ውስጥ ቢደረግ ይመከራል። የራሱን ጥቂት አፖች ለሚያሰራጭ ሰው የተፈረሙትን ኤፒኬዎች ብቻ ማስቀመጥ ይበቃል።