ባንዳ፣ አስካሪና የውስጥ አርበኛ

«ባንዳ» የጣልያንኛ ቃል ነው፤ የታጠቀ ቡድን፣ ጭፍራ ማለት ነው። በመነሻው ስድብ አልነበረም። ጣልያን ከአገሬው መልምሎ የሚያሰልፈው መደበኛ ያልሆነ ጦር ስም ሲሆን፣ ከ1928ቱ ወረራ በፊትም ኤርትራ ውስጥ ይሠራበት ነበር። አስካሪ ሌላ ነው፤ እሱ በጣልያን መኮንን ሥር ያለ መደበኛ ወታደር ነው።

የሚያምታታው የውስጥ አርበኛው ነው። ደመወዙን ከጣልያን እየተቀበለ ጥይትና ወሬ ለአርበኛው የሚያሾልክ ሰው ከውጭ ሲያዩት ያው ባንዳ ነው። ጎጃም ውስጥ ደግሞ በ1930 ዓመፁ ሲቀጣጠል ጠመንጃውን እንደያዘ ወደ አርበኛው የተሻገረ ባንዳ ነበር፤ ይህን ምን ልንለው ነው? ስለዚህ «ለጣልያን አድሯል» ብቻውን አይበቃም፤ መቼ፣ እስከ መቼ፣ ጥይቱስ ወደ ማን ይሄድ ነበር ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። ዛሬ በፖለቲካ ባላንጣ ላይ የሚወረወረው «ባንዳ» ይህን ሁሉ አይለይም።