የሳንባ ታካሚ ፊዚዮቴራፒ ምንድን ነው?

ሰሞኑን እዚህ ሐዋሳ በተሳፈርሁበት ባጃጅ ሬዲዮ አንድ አስተያየት ሰጪ ስለ ከባድ የሳንባ ምች ሲናገሩ፣ «ታካሚው በቅድሚያ ሙሉ ዕረፍት ያድርግ፤ ማሳጁ ከዳነ በኋላ ይደርሳል» ሲሉ ሰማሁ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ስሕተት! እኛ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ሥራችን ማሳጅ መባሉን ለምደነዋል፤ አስታማሚዎች «የሚያሹት ሰውዬ መቼ ይመጣሉ?» ብለው ሲጠይቁኝ አልቀየምም። ሁለተኛው ግን ያናድደኛል፤ አልጋን እንደ መድኃኒት ይቆጥራልና።

በጀርባው ለተኛ ሰው የሆድ ዕቃው ድያፍራሙን፣ ማለትም ከሳንባ ሥር ያለውን ዋናውን የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ልቡም ሳንባውን ይጫነዋል፤ በዚህ ምክንያት በጀርባ በኩል ያለው የሳንባ ክፍል በሚገባ አይከፈትም፣ አክታም እዚያው ይጠራቀማል። ጡንቻውም ዝም ብሎ አይጠብቀውም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ በጽኑ ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት፣ የጭን ጡንቻ ስፋት በ10 ቀናት ውስጥ በአማካይ 18 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በመተንፈሻ መሣሪያ የሚረዳ ታካሚ ድያፍራምም እንዲሁ ይደክማል።

ለዚህ ምሳሌ ያው ባጃጅ ይበቃኛል። ለወራት ግቢ ውስጥ የቆመ ባጃጅ ነዳጁ ሙሉ ቢሆንም ባትሪው ይሞታል፣ ጎማው ይተነፍሳል። ታካሚያችንም ኦክስጅኑ በቱቦ ስለደረሰው ብቻ እግሩ አይሸከመውም። ማሳጅ የባጃጁን ቀለም እንደ መወልወል ነው፤ ደስ ይላል፣ አያስነሣውም። ዐዋቂ ሰው ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ሦስት ተሳፋሪ ጭኖ ወደ ታቦር ተራራ ዳገት አይነዳውም፤ ሞተሩን ያሞቃል፣ ድምፁን ያዳምጣል፣ አንድ ዙር ነድቶ ይመልሰዋል። ምሳሌው የማይገጥመው እዚህ ላይ ነው፤ ባጃጅ ቆሞ ራሱን አይበላም፤ ሥራ ያጣ ጡንቻ ግን ራሱን ይበላል።

ስለዚህ ሥራችን በልክ የሚሰጥ እንቅስቃሴ ነው፤ የሚጀምረውም ታካሚው ገና አልጋ ላይ ሳለ፣ የደም ግፊቱና አተነፋፈሱ ሲረጋጋ ነው። ጎን እናዞረዋለን፣ ከፍ አድርገን እናስቀምጠዋለን፣ በረጅሙ ስቦ አየሩን በተከፈተ አፍ በኃይል በማስወጣት አክታውን እንዲያነሣ እናስተምረዋለን፣ ቀጥሎ እግሩን ከአልጋ አውርዶ እንዲቀመጥ፣ እንዲቆም፣ ኦክስጅኑን እንደያዘ ጥቂት እርምጃ እንዲራመድ እንረዳዋለን። በዚህ ሁሉ መካከል ጣቱ ላይ ያለውን የኦክስጅን መለኪያ እናያለን፤ ድካሙን ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ ቁጥር እንዲሰጠው እንጠይቀዋለን። (ሐዋሳ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች በመሆኗ፣ በመለኪያው ላይ የሚታየው የጤነኛ ሰው ቁጥር እንኳ በባሕር ዳርቻ ከተሞች ከሚታየው ጥቂት ዝቅ ሊል ይችላል፤ የሌላ አገር ቁጥር እንዳለ መቅዳት አያዋጣም።)

አክታው እንዲላቀቅ ደረትን በመዳፍ መደብደብስ? አክታ ለበዛበትና ማውጣት ላቃተው አንዳንድ ታካሚ ይጠቅም ይሆናል። አክታ በሌለበት ግን የሚነቃነቅ ነገር የለም፤ በሳንባ ምች የታመሙ ዐዋቂዎችን የሚመለከቱ ጥናቶች ሲገመገሙም ሞትን እንደሚቀንስ አልታየም። ደም የቀላቀለ አክታ ያለው ሰው፣ በተለይ የሳንባ ነቀርሳ በሚበዛበት አገራችን፣ እንዳይደበደብ አስታማሚዎችን አደራ እላለሁ።

ቶሎ መጀመር ብዙ ማሠራት ማለት እንዳልሆነም ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመና በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ያሉ 750 ታካሚዎችን ያካተተ ጥናት፣ ከተለመደው የበለጠ ማንቀሳቀስ ብልጫ ያለው ውጤት እንዳላመጣ፣ እንዲያውም እንደ ልብ ምት መዛባት ያሉ ችግሮችን እንዳበዛ አሳይቷል። እዚህ ላይ ከሬዲዮው ተናጋሪ ጋር በከፊል እስማማለሁ፤ በአንዱና በሌላው እንቅስቃሴ መካከል ያለው ዕረፍትና የሌሊቱ እንቅልፍ የሕክምናው አካል ናቸው፤ የቀኑ ዕረፍት ግን ወንበር ላይ ተቀምጦም ይወሰዳል።