ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ

ባለፈው የካቲት አዳማ ውስጥ ለቅሶ ደርሼ ነበር። በድንኳኑ ከተቀመጥነው መካከል አራት አምስቱ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ስለነበሩ፣ ወሩም የካቲት ስለሆነ፣ ጨዋታው ሳይታሰብ ወደ ስድሳ ስድስቱ አብዮት ዞረና «ማን ጀመረው?» ከሚለው ጥያቄ ላይ ደርሶ ቆመ። በወጣትነታቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበሩት ሰው ጀማሪው ተማሪው እንደሆነ ሲናገሩ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ደግሞ መምህራን ሥራ ባያቆሙ ኖሮ የተማሪው ጩኸት ከግቢው አጥር አያልፍም ነበር ብለው ተከራከሩ፤ ከውትድርና የተሰናበቱ ሌላ አዛውንትም ከሁሉም የቀደመው የነገሌ ቦረናው ጦር ነው አሉ። ክርክሩ ሲጠና የቀድሞው ተማሪ ጣታቸውን አንሥተው «ማን ይናገር የነበረ! እኔ ነበርኩ!» አሉ፤ ሌላው ሁሉ ዝም አለ። ሰውየውን አከብራቸዋለሁ፤ በእርግጥም ነበሩ። ነገር ግን ምሳሌው አፍ መዝጊያ ሲሆን ስሰማ አዘንኩ፤ ያውም በለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ግማሹ ተቆርጦ፣ የተቆረጠውም የለቅሶው ግማሽ ሆኖ።

ሙሉው ምሳሌ «ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» ነው። ፍቺውን አማርኛ የሚናገር ሁሉ ስለሚያውቀው አልደግመውም። የምቆየው «ያርዳ» ከሚለው ቃል ላይ ነው፤ ከተማ ያደጉ ልጆቻችን ይህን ቃል እያጡት ነውና። አንዳንዱ «ማን ይርዳ» ብሎ ከእርዳታ ያገናኘዋል፤ አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪም በግ ማረድ እየመሰለው እንደኖረ ነግሮኛል። ነገሩ ግን መርዶ ነው። ማርዳት ማለት ሞትን ላልሰማ ዘመድ ማሰማት ነው።

ያደግሁት ከአዳማ ብዙም በማይርቀው በምንጃር ገጠር ነው። ስልክ በሌለበት በዚያ ዘመን ሰው በሩቅ አገር ሲሞት ወሬው የሚደርሰው በእግረኛ ነበር፤ እግረኛውም በቀጥታ ወደ ሟቹ ዘመድ ቤት አይሄድም። አስቀድሞ ከጎረቤት ይገባል፤ ጎረቤት ሽማግሌዎችን በምሥጢር ይጠራል። በዚያ ቀን ባለ መርዶው የሚያገኘው ሰው ሁሉ ያውቃል፣ እሱ ብቻ አያውቅም። ከእርሻ ሲመለስ እንደ ወትሮው ሰላም ይሉታል፤ እህል መቅመሱን በዘዴ ያጣራሉ፤ የመጨረሻዋን ሌሊት በሰላም ያሳድሩታል። በቤቱ አራስ ካለች ለብቻዋ ይመከርባታል፤ አራስ አትረዳምና። ዶሮ ሲጮኽ፣ ሰውየው ለሥራ ሳይወጣ፣ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከደጁ ይደርሳሉ። ጉልበተኞቹ በግራና በቀኝ ይጠጉታል፤ መርዶ ሲሰማ ራሱን መሬት ላይ የሚጥል ሰው ብዙ ነውና።

ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ አንድ ሌሊት እንዲህ ያለው ምክር በእኛ ቤት ሆነ። የሚረዱት ጎረቤታችን ነበሩ፤ ወደ አርሲ ሄዶ በዚያው የቀረ ወንድማቸው ሞቶ ነበር። ተኝቷል ብለው ስለተዉኝ ከመደቡ ላይ ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ። ሰዓቱ፣ መንገዱ፣ ማን ከሴቶቹ ዘንድ እንደሚቆም ተመክሮ ካለቀ በኋላ አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንግዲህ ማን ያርዳ?» ሲል ጠየቀ። ማንም አልመለሰም። በሠርግና በሽምግልና ሁልጊዜ ቀድመው የሚናገሩ አንደበተ ርቱዕ ሽማግሌ ከመካከላቸው ነበሩ፤ እሳቸውም እሳቱን እያዩ ዝም አሉ። በመጨረሻ እግሩን ታጥቦ ጥግ ላይ የተቀመጠው መንገደኛ «የቀበርኩት እኔ ነኝ፤ እኔ አረዳለሁ» አለ። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ከባድ እንስራ ከመሬት እንደሚያነሣ ሰው ነበር የተናገረው።

ጎህ ሲቀድ እናቴን ተከትዬ ሄድኩ። ለቅሶው ከፈነዳና ጥቂት ጋብ ካለ በኋላ ጎረቤታችን መጠየቅ ጀመሩ፦ ተናዞ ነበር ወይ? ሲያርፍ ማን አጠገቡ ነበር? ማን ገነዘው? መቃብሩስ ከየት ነው? መንገደኛው ለእያንዳንዱ መልስ ነበረው። የገነዙትን፣ የቆፈሩትን፣ አልጋውን ተቀባብለው የተሸከሙትን፣ የፈቱትን የነፍስ አባት በየስማቸው ጠራ፤ መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ ከወይራ ሥር መሆኑንም ተናገረ። ስለ ራሱ ድካም አንድ ቃል አልወጣውም። ለምን የቀበረ ሰው እንደሚያረዳ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ከገበያ የሰማ ሰው «ሞተ» ከማለት በቀር ለእነዚህ ጥያቄዎች ምን መልስ ይኖረዋል?

ስለ አመጣጡ የራሴን እምነት ልናገር። የአማርኛን ሦስት ቃላት አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጡ፦ አረዳ፣ ተረዳ፣ አስረዳ። ባለ መርዶው «ተረዳ» ይባላል፤ ነገር የገባውም ሰው «ተረዳ» ይባላል። እኔ ሁለቱን አንድ ቃል አድርጌ ነው የማያቸው፤ ለአባቶቻችን ከሁሉም የሚከብደው መረዳት ሞትን መረዳት ስለነበረ ቃሉ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሌላው ነገር ሁሉ የተስፋፋ ይመስለኛል። እንዲህ ከሆነ «ማን ያርዳ» ወሬ ማድረስን ብቻ አይጠይቅም፤ ሰሚው እስኪገባው ድረስ አጠገቡ ተቀምጦ ማስረዳትንም ይጠይቃል።

ሌላም አለኝ። ምሳሌው በጥያቄና በመልስ የተሠራ ነው፤ ጥያቄውም አባቴ በዚያ ሌሊት የጠየቀው ራሱ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ግማሽ ቀድሞ የተወለደ ይመስለኛል፤ ሽማግሌዎች ከመርዶ በፊት «ማን ያርዳ?» ሲባባሉ መልሱ «የቀበረ» ነበር፤ «ማን ይናገር የነበረ» የሚለው በኋላ ከችሎት፣ ከምስክር ቃል መጥቶ በቤት መምቻው ተጋጠመለት። «የቀበረ» የሚለውንም በነጠላ መነገሩ አያሳስተን። አንድ ሰው ብቻውን ሰው አይቀብርም፤ ገናዥ፣ ቆፋሪ፣ ተሸካሚ፣ ፈቺ ያስፈልጋል። የሚያረዳው በሁሉም ስም ነው።

ወደ የካቲት ልመለስ። የነገሌ ቦረናው ጦር ያመፀው ጥር 4 ቀን 1966 ነው፤ የተራው ወታደር የውኃ መሳቢያ ተበላሽቶ ሳለ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዳ ስለከለከሉት የተነሣ ቁጣ ሲሆን፣ ከንጉሡ ዘንድ የተላኩትን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ወታደሮቹ ይዘው እነሱ የሚበሉትን ምግብ እንዲበሉ አደረጓቸው። የካቲት 11 ቀን የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ዋጋ መናር፣ መምህራን ደግሞ ሴክተር ሪቪው በተባለው የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ ምክንያት በአንድ ቀን ሥራ አቆሙ። የካቲት 18 በአሥመራ ሁለተኛው ክፍለ ጦር ተነሣ፤ የካቲት 20 የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደ፤ የካቲት 28 የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ አደረገ። ይህ ኮንፌዴሬሽን በ1955 ሲቋቋም እዚሁ አጠገባችን ያለው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ማኅበር ከመሥራቾቹ አንዱ እንደነበረ የአዳማ ሰው እንኳ ሲያነሣው አልሰማም። ሚያዝያ 12 ሙስሊሞች ለእኩልነት በብዛት አደባባይ ወጡ። ከዚህ ሁሉ በፊት ተማሪው በየካቲት 1957 «መሬት ለአራሹ» ብሎ ሰልፍ ወጥቷል፤ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛውም በታኅሣሥ 1962 ተገድሏል። ከተማሪው ሰልፍ አስቀድሞ ደግሞ የባሌ ገበሬ ተነሥቶ ነበር፤ በ1960 የጎጃም ገበሬ ተከተለ። በድንኳኑ ውስጥ በተደረገው ክርክር ገበሬውን የጠራው ሰው አልነበረም።

እንግዲህ እነዚህ ሁሉ ነበሩ። «ነበርኩ» ማለት ባዩት ነገር ላይ የመመስከር ግዴታ ያመጣል እንጂ «ጀመርኩት» ለማለት አያበቃም፤ አንዱ የቆፈረው ሌላው የቆፈረውን አይሰርዝምና። በመጨረሻ መጥቶ ሁሉንም የእኔ ነው ያለው ደርግ እንኳ የተቋቋመው ሰኔ 21 ቀን 1966 ነው፤ ካቢኔው ከወረደ ከአራት ወር በኋላ። ለአሥራ ሰባት ዓመታትም የአብዮቱ ተናጋሪ እሱ ብቻ ሆኖ ኖረ።

የተቆረጠው ግማሽ የሚያስፈልገን እዚህ ላይ ነው። ከነበሩት ከብዙዎቹ፣ ከተማሪው፣ ከመምህሩ፣ ከማኅበር መሪው፣ በቀይ ሽብር ዘመን የተገደሉት በጅምላ ጉድጓድ ተጥለዋል፤ እናቶች እንዳያለቅሱ ተከልክለዋል፤ ሽማግሌ ጋቢውን ተከናንቦ በዶሮ ጩኸት ደጃቸው አልቆመም። ንጉሠ ነገሥቱም ቢሆኑ በነሐሴ 1967 ሞቱ ከተባለ በኋላ መቃብራቸው ሳይነገር ቆይቶ፣ አጽማቸው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ነው። የቀበሩት አላረዱም። ምሳሌው በሁለት እግሩ የቆመው ይህን ዓይነት ዝምታ ለመጠየቅ ጭምር ይመስለኛል፤ የነበረ ይናገር ይላል፣ የቀበረም ያርዳ ይላል።

ዛሬ ግን ምሳሌውን በየመድረኩና በየሬዲዮው የምንሰማው ሰው ራሱን ሲያስተዋውቅበት ነው። ተናጋሪው «ማን ይናገር የነበረ» ብሎ ይጀምርና አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ራሱ ይናገራል፤ አዳራሹም ሁለተኛውን ግማሽ ሳይጠይቅ ያጨበጭባል። በአደባባይ የሚናገሩ ሰዎች፣ በተለይም መምህራንና ጋዜጠኞች፣ ምሳሌውን ሲጀምሩት ቢጨርሱት መልካም ነው፤ ልጆችም «ያርዳ» ማለት ምን እንደሆነ ሲጠይቁ የመርዶውን ሌሊት ይንገሯቸው።

እኔም በዚያ ቀን ከድንኳኑ የወጣሁት የቀድሞውን ተማሪ አንድ ነገር ሳልጠይቅ ነው። አብረዋቸው ከነበሩት ጓደኞቻቸው ስንቱ ዛሬ በሕይወት አለ? የሌሉትንስ ለእናቶቻቸው ማን አረዳቸው? ሳምንት ሳይሞላ ተመልሼ ቤታቸው ሄድኩ። በራፍ ላይ ቆሜ ይህንኑ ስጠይቃቸው ለረጅም ጊዜ ምንም አልመለሱልኝም፤ በኋላ ወንበር አስመጥተው አስቀመጡኝና ስሞቹን አንድ በአንድ ይጠሩልኝ ጀመር።