በነጥቦቹ መካከል ያለው ጥላ ቆሻሻ አይደለም

«ባክግራውንድ (ከናሙናው ያልመጣ ትርፍ ምልክት) ነው፣ ቀንሰው!» በኒውትሮን ልኬት ላይ ስለሚታይ ጥላ እንዲህ ሲባል ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ኒውትሮን፣ ማለትም የአቶም እምብርት ቅንጣት፣ ወደ ክሪስታል ሲላክ አቶሞቹ ይበትኑታል። ደማቅ ነጥቦች ይታያሉ፤ የብራግ ነጥቦች ይባላሉ። በመካከላቸው ደብዛዛ ጥላ ይቀራል። ብዙ ሰው ይህን ጥላ የመሣሪያ ጉድፍ ነው ብሎ ይጥለዋል።

ነጥቦቹ ግን የሚነግሩን አማካዩን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ተመራማሪዎቹ ወላን፣ ዴቪድሰንና ሸል ከከባድ ውሃ (ሃይድሮጅኑ ከባዱ ዓይነት ከሆነ ውሃ) የተሠራ በረዶን በኒውትሮን መረመሩ። ሃይድሮጅን ሊቀመጥባቸው በሚችሉ ቦታዎች ሁሉ ላይ «ግማሽ» ሃይድሮጅን ተገኘ። ግማሽ ሃይድሮጅን የሚባል ነገር የለም! ኬሚስቱ ፖውሊንግ በ1935 እንዳለው፣ እያንዳንዱ ኦክስጅን ሁለት ሃይድሮጅን ያቀርባል፣ ሁለት ያርቃል። የትኞቹን የሚለው ከቦታ ቦታ ይለያያል። ሕጉ ግን ያው ነው። መዛባት ማለት ሕግ የለሽነት አይደለም።

ሆልሚየም ታይታኔት በሚባለው ማግኔታዊ ክሪስታል ውስጥ ያሉት ስፒኖችም (አቶሞቹ የያዟቸው ትንንሽ ማግኔቶች) እንዲሁ ናቸው። በእያንዳንዱ ባለ አራት ጫፍ ፒራሚድ ላይ ሁለቱ ወደ ውስጥ፣ ሁለቱ ወደ ውጭ ያያሉ። ስፒን አይስ (የስፒን በረዶ) የተባለው ለዚህ ነው። በቅዝቃዜ ውስጥ እንኳ ማግኔታዊ የብራግ ነጥብ አያወጣም። ያለው ጥላው ብቻ ነው። ፈረንሳይ፣ ግሬኖብል በሚገኘው የላው-ላንዥቫ የኒውትሮን ምርምር ተቋም ተለክቶ በ2009 በታተመው ሥራ፣ ጥላው መሃሉ ላይ እንደታሰረ ነዶ ይቀጥናል። የሁለት-ሁለቱ ሕግ ፊርማ ያ ነው።

አንድ ተማሪ ሶፍትዌር «ያጸዳለትን» ዳታ ይዞ መጥቶ «እዚህ ማግኔታዊ ነገር የለም» አለኝ። ጥሬውን ዳታ ከፈትነው። ጥላው ቁጭ ብሏል።

«ኒውትሮን ቻርጅ ስለሌለው ማግኔት አያይም» የሚሉም አሉ። ያያል። ስፒን ስላለው ራሱ ትንሽ ማግኔት ነው።

«ኤክስሬይ ይበቃል»? ኤክስሬይን የሚበትነው ኤሌክትሮን ነው፤ አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ያለውን ሃይድሮጅን በጭንቅ ነው የሚያየው።

«ጥላ ካለ ናሙናው ተበላሽቷል»? ስፒን አይስ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ጥላው አይጠፋም።

እባካችሁ፣ የናሙናውን መያዣ ባዶውን ለኩና ያንን ብቻ ቀንሱ። ናሙናውን ሞቅ አድርጋችሁም አቀዝቅዛችሁም ለኩት፤ ሲቀዘቅዝ ቅርጽ የሚያወጣ ጥላ ጉድፍ ሊሆን አይችልም። ዕድሉ ካላችሁ ስፒናቸው የተሰለፈ ኒውትሮኖችን ተጠቀሙ። በ2009ኙ ሥራ ያ ቀጭን ወገብ ፍንትው ብሎ የታየው፣ ስፒናቸው የተገለበጠውን ኒውትሮኖች ካልተገለበጡት ለይተው ሲቆጥሩ ነው። ጥሬውን ዳታ ደግሞ ሳትነኩ አስቀምጡት።