ለአንድ ፈረስ ስንት ጥማድ ግጦሽ ይበቃል? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ያጌጡትን የአዊ ፈረሶች ያየ ሰው ስለ ኮርቻውና ስለ ግልቢያው ይጠይቃል እንጂ ስለ ሣሩ እምብዛም አይጠይቅም፤ ስለ ፈረስ ግጦሽ የሚነገረውም አብዛኛውን ጊዜ ከላም እርባታ የተወሰደ ግምት ነው።

«ለአንድ ፈረስ ሁለት ጥማድ ይበቃዋል» የሚለው አባባል መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ በብሪታንያ የተለመደው ምክር ከ0.4 እስከ 0.6 ሄክታር ሲሆን፣ ይህም ጥማድ ሩብ ሄክታር ያህል በመሆኑ ወደዚያው ይጠጋል። ስሕተቱ የእርጥብ አገርን ልኬት ሣሩ በክረምት ፈልቶ በበጋ ለሚደርቅበት ደጋ እንዳለ ማዋሉ ላይ ነው። ፈረስ በቀን የክብደቱን 2 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ስለሚፈልግ፣ 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፈረስ በቀን 5 ኪሎ፣ በዓመት ደግሞ 1,800 ኪሎ ገደማ ያስፈልገዋል። ከለምለም ሣር አምስት እጅ አራቱ ውኃ በመሆኑ፣ የቀኑ ድርሻ በእርጥቡ 25 ኪሎ ይደርሳል። ስለዚህ መለካት ያለበት ከመሬቱ ስፋት ይልቅ የሚያበቅለው ሣር ነው፤ የጎደለው በድርቆሽና በገለባ ይሞላል።

«ላም የጠገበችበት መስክ ፈረስንም ያጠግባል» የሚሉም አሉ። ላም የላይኛው የፊት ጥርስ ስለሌላት ረዘም ያለውን ሣር በምላሷ ጠምጥማ ትነጫለች፤ ፈረስ ግን ከላይም ከታችም የፊት ጥርስ ስላለው እስከ ሥሩ ይግጣል። ከዚህም በላይ ስለማያመነዥክና መኖው በሆዱ ቶሎ ስለሚያልፍ፣ ከተለቀቀ ከቀኑ ሰዓት አብዛኛውን፣ ሌሊቱን ጨምሮ፣ ሲግጥ ይውላል። በአንድ ካስማ ሳምንት ያሰሩት ፈረስ መስኩን ራቁቱን የሚያስቀረው ለዚህ ነው፤ እኔ ሣሩ 15 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ማስገባትንና 8 ገደማ ሲቀር ማውጣትን እመርጣለሁ።

«መስኩ ሰፊ ከሆነ ሁሉም ይበላል» የሚለውም አይሠራም። ፈረስ ፋንድያ በጣለበት አካባቢ የበቀለውን ሣር ይሸሻል፤ የሆድ ትላትል እጮችም በብዛት የሚገኙት እዚያው ነው። ላሞች ግን ይህን ሣር ይበሉታል፤ አብዛኛዎቹ የፈረስ ትሎችም በላም ሆድ ውስጥ አይባዙም። ስለዚህ ፈረሱ በለቀቀው መስክ ላሞችን ማሰማራት ትርፉ ሁለት ነው።

«ሣሩ በለመለመ ቁጥር ለፈረስ ይሻለዋል» የሚባለው ደግሞ ከሁሉም አደገኛው ነው። በጋውን ገለባ ሲበላ የከረመን ፈረስ ሐምሌ ላይ በድንገት ለምለም መስክ መልቀቅ የሆድ ቁርጠትንና ፈረሱን የሚያሽመደምድ የኮቴ ውስጥ ብግነትን ሊያስከትል ስለሚችል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ይሰማራ።