ድሬ ላይ አበባ አይበቅልም ያለው ማነው?

እህቴ ከውጭ አገር የአበባ ዘር ላከችልኝ። ፓኬቱ ላይ ያለው ፎቶ ልብ ይሰርቃል። ሰማያዊ ዴልፊኒየም፣ ላቬንደር፣ ሌላም ሌላም። በእንግሊዝ ገጠር ቤቶች ደጃፍ ላይ ተጨናንቆ የሚያብበው፣ «ኮቴጅ ጋርደን» የሚባለው ዓይነት ግቢ ነው። እኔም ድሬዳዋ፣ «ከዚራ» ሰፈር ባለው ግቢያችን ውስጥ ግማሹን ዘራሁት። ከበቀለው ውስጥ ግንቦትን ያለፈ የለም። ጎረቤት ሁሉ አንድ ነገር ይለኝ ጀመር፤ «ድሬ ላይ አበባ አይበቅልም።» በዚህ አባባል ተስፋ ቆርጦ ግቢውን በሙሉ ሲሚንቶ ያስለበሰ ስንት ሰው እንዳለ ሳስብ ያሳዝነኛል። ለዚህ አባባልና ለመሰሎቹ አንድ በአንድ ልመልስ።

«ድሬ ላይ አበባ አይበቅልም»

ኧረ ይበቅላል! አስቸጋሪው የብርድ አገር አበባ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ይደርሳል። ዴልፊኒየም ደግሞ ቀዝቀዝ ያለ አየር ይወዳል። አበባ ስትመርጡ ፎቶውን ከማየታችሁ በፊት አገሩን ጠይቁ።

ዚኒያ፣ ኮስሞስና ማሪጎልድ የሜክሲኮ ናቸው፤ ፀሐይ ለምደዋል። ፖርቱላካ የደቡብ አሜሪካ ነው። ወፍራም ቅጠሉ ውስጥ ውሃ ያጠራቅማል፣ አበባው ፀሐይ ሲወጣ ይፈካል። አራቱም በቀጥታ ከዘር ይበቅላሉ። «የድሬዳዋ ዛፍ» እያልን የምንጠራው ባለ ቀይ አበባ ዛፍ እንኳ የመጣው ከማዳጋስካር ነው። እንግዳ ሆኖ መጥቶ ቤተኛ ሆነ፣ ስማችንንም ወሰደ።

ከሁሉም እኔ የምወዳት ግን ቪንካን ነው። እሷም የማዳጋስካር ናት። ሮዝና ነጭ አበባዋ ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም። ቅጠሏ መራራና መርዛማ ስለሆነ ፍየል ብዙም አይደፍራትም፤ በር ክፍት ሆኖ ለሚውልበት ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቪንክሪስቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት የሚገኘው ከዚህችው ተክል ነው። ይህን ሰምቶ ግን ማንም እቤቱ ቀቅሎ እንዳይጠጣት፤ አደገኛ ነው። ትንንሽ ልጆችም ቅጠሏን እንዳያኝኩ ጠብቁ።

«እንዲህ ያለ ግቢ የፈረንጅ ቅንጦት ነው»

እንግሊዝ አገር ይህ የአተካከል ዘይቤ የድሃ ገበሬና የሠራተኛ ጓሮ ነበር። ጎመኑ፣ መድኃኒቱና አበባው ባለችው ጠባብ ቦታ አንድ ላይ ይተከላል። እኛስ ቤት? ጤናዳሙ፣ በሶብላው፣ ሮዝመሪውና ቃሪያው አንድ መደብ ላይ አይደሉም እንዴ? ስለዚህ ያለውን አትንቀሉ። ረጅሙን ኮስሞስ ከኋላ ግድግዳው ሥር ዝሩ፣ ዚኒያውን መሃል፣ ፖርቱላካውን ከፊት። ጤናዳሙ ባለበት ይቀመጥ።

ጠጋ ጠጋ አድርጎ መትከል ጥቅም አለው፤ ቅጠሉ አፈሩን ስለሚጋርደው እርጥበቱ ቶሎ አይተንም። ለዚኒያ ግን አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ክፍተት ተዉላት። ነፋስ ካላገኘች ቅጠሏ ላይ ዱቄት የመሰለ በሽታ ይወጣል።

«ውሃ በበዛ ቁጥር አበባው ይበዛል»

ብዙ ተክል የሚሞትብን በዚህ እምነት ይመስለኛል። ቡጋንቪላን ተመልከቱ። ሥር ከሰደደ በኋላ ብዙ ካጠጣችሁት ቅጠል ብቻ ያወጣል። ትንሽ ሲጠማ ነው ደምቆ የሚያብበው። (አበባ የምንለው ቀለማሙ ክፍል በእርግጥ ቅጠል ነው። እውነተኛዎቹ አበቦች መሃል ያሉት ሦስት ትንንሽ ነጫጮች ናቸው። ነገ ጠዋት ጠጋ ብላችሁ እዩ።) ቪንካም ሥሯ ውሃ ውስጥ ከዋለ ይበሰብሳል።

በየቀኑ ጠብ ጠብ ከማድረግ ሥር ድረስ የሚዘልቅ ውሃ ሰጥቶ፣ የላዩ አፈር እስኪደርቅ መተው ይሻላል። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ስደዱ። እርጥበት ከተሰማችሁ ጀሪካኑን አስቀምጡት። ገና የተዘራ ዘር ግን ሌላ ነው፤ እስኪበቅል ድረስ አፈሩ መድረቅ የለበትም።

እኩለ ቀን ላይ ካጠጣን ጠብታው እንደ መነጽር ሆኖ ቅጠሉን ያቃጥላል የሚባለውም የተጋነነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የሃንጋሪ ተመራማሪዎች ለስላሳ ቅጠል ላይ ያረፈ ጠብታ እንደማያቃጥል በሙከራ አሳይተዋል። ፀጉራም ቅጠል ላይ ግን ሊያቃጥል ይችላል። በማለዳ ማጠጣት የሚሻልበት ዋናው ምክንያት ውሃው ሳይተን ሥሩ ጋ መድረሱ ነው። ውሃ በሚቆራረጥበት ከተማ ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

«ፍግ ካልተደፋበት አያብብም»

ለኮስሞስ ተቃራኒው ነው። ፍግ ሲበዛበት ይመዘዝና ቅጠል ብቻ ይሆናል። ትኩስ ፍግማ ሥር ያቃጥላል። በደንብ የበሰበሰ ፍግ፣ እፍኝ እፍኝ፣ ከመዝራት በፊት። በቃ።

«ለሐረር የሆነ ለድሬም ይሆናል»

ከድሬ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ስትወጡ አየሩ መለወጡ በመኪናው መስኮት ይሰማችኋል። ሐረር 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሰባት መቶ ሜትር ያህል ከፍታ ለአበባ ሌላ አገር ማለት ነው። ከዘሩ የተረፈኝን ላቬንደር ሐረር ላለችው አክስቴ ሰጠኋት። ቀስ ብሎ በቀለ፣ ዛሬም አለ። ጽጌረዳና ጄራኒየምም እዚያ ደስ ብሏቸው ያድጋሉ። ግቢው ጠባብ ከሆነም ችግር የለም። ጄራኒየም ሥሩ በተበሳ የወተት ጣሳ ውስጥ ይበቅላል። ከጎረቤት አንድ ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ መትከል ብቻ ነው።

«ዚኒያዬ ደረቀብኝ፣ እጄ አይሆንም»

እጃችሁ ምንም አልሆነም። ዚኒያ፣ ኮስሞስና ፖርቱላካ የአንድ ወቅት አበቦች ናቸው፤ አብበው፣ ዘር ሰጥተው ያልፋሉ። የጠወለገውን አበባ ቶሎ ቶሎ ከቆረጣችሁ ግን ዘር ከማፍራት ይልቅ ደጋግመው ያብባሉ። ወደ መጨረሻው ደማቅ ደማቁን ምረጡና ተክሉ ላይ ይድረቅ። ዘሩን ጥላ ውስጥ አድርቃችሁ ወረቀት ፖስታ ውስጥ አስቀምጡ። ፌስታል እርጥበት አፍኖ ያሻግተዋል። ድሬ ላይ መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ አብቅቶ ሙቀቱ ሲበርድ ብትዘሩት በሁለት ወር ገደማ፣ ኅዳር መጨረሻ አካባቢ ያብብላችኋል።