«ኮምፓሱ በእጅ ሳይሆን በዓይን ይሁን»

ክብ መሥሪያና ርቀት መለኪያ ስለሆነው ኮምፓስ የተነገረው ይህ አባባል የጣሊያናዊው ሠዓሊና ቀራፂ የሚኬላንጄሎ ቃል ሆኖ የሚገኘው ሠዓሊውና ጸሐፊው ጆርጆ ቫዛሪ እ.ኤ.አ. በ1568 ባሳተመው የሠዓሊያን የሕይወት ታሪክ ሁለተኛ እትም ውስጥ ሲሆን፣ ምክንያቱም አብሮት ተጽፏል፤ እጅ ይሠራል፣ የሚፈርደው ግን ዓይን ነው።

ከሮማዊው የኪነ ሕንፃ ሊቅ ከቪትሩቪየስ የተወረሰው ደንብ የሰው ራስ የቁመቱ አንድ ስምንተኛ ነው ይላል፤ የ15ኛው ክፍለ ዘመን የጣሊያን ጠቢባንም ውበትን በእንዲህ ያለ ልኬት ይፈልጉ ነበር። ሚኬላንጄሎ ግን፣ ቫዛሪ እንደሚተርከው፣ ምስሎቹን ዘጠኝ፣ ዐሥር፣ አልፎ ተርፎም ዐሥራ ሁለት ራስ ያህል ያስረዝማቸው ነበር፤ የሚሻውም ተፈጥሮ የማትሰጠውን፣ ከአካላት ሁሉ ስምምነት የሚገኘውን ሞገስ ነው። ስለዚህ የአባባሉ ትርጉም ልኬት አያስፈልግም ማለት ሳይሆን፣ ልኬትን ጠንቅቆ የተማረ ዓይን በመጨረሻ ከመሣሪያው በላይ ዳኛ ይሁን ማለት ነው።

ሠዓሊው ራፋኤል በሞተበት በ1520 አካባቢ በፍሎረንስና በሮም ብቅ ያሉት፣ ዛሬ ማኔሪስት የምንላቸው ሠዓሊዎች ይህን ነፃነት እስከ ጥጉ ወሰዱት። ፓርሚጃኒኖ በ1534 ጀምሮ በ1540 ሲሞት ሳይጨርሰው በቀረው «ባለ ረጅም አንገቷ ማዶና» በተባለው ሥዕል የእመቤታችን አንገትና ጣቶች ከሰው ልክ አልፈው ተመዝዘዋል፤ ከኋላዋ የቆመው ዐምድም አንዳች ጣሪያ አይሸከምም። ፖንቶርሞ በፍሎረንስ ሳንታ ፌሊቺታ ቤተ ክርስቲያን በሣለው የክርስቶስ ሥጋ ከመስቀል ሲወርድ በሚያሳየው ሥዕል ደግሞ መስቀሉ ራሱ አይታይም፤ በሐምራዊና በሰማያዊ የተንቆጠቆጡት ሰዎች በእግር ጣቶቻቸው ጫፍ ቆመው፣ ሬሳውን የተሸከሙት ክብደት የሌለው ይመስል ነው። በሥዕሉ የሚታየውን ይህን መናወጥ በ1527 ሮም በወታደሮች ከመዘረፏ ጋር የሚያያይዙ አሉ፤ ሥዕሉ ግን ከዝርፊያው ቀደም ብሎ በ1525 የተጀመረ በመሆኑ ምክንያቱን በጦርነት ብቻ መፈለግ አያሳምንም።

ቫዛሪ እንደሚጨምረው ሚኬላንጄሎ ይህንኑ መንገድ በኪነ ሕንፃም ተከትሏል። በፍሎረንስ የላውሬንሲያና ቤተ መጻሕፍት መግቢያ ዐምዶቹ ከግድግዳው ፊት በመቆም ፈንታ ወደ ውስጥ ገብተው ተሰንቅረዋል።

የሠዓሊያንን ታሪክ የጻፈው ጆቫኒ ፒየትሮ ቤሎሪ በ1672 እነዚህ ሠዓሊዎች የተፈጥሮን ጥናት ትተው በልማድ በመሥራት ጥበብን አበላሹ ሲል ነቅፏቸዋል። ነቀፋው ሚኬላንጄሎ የሣላቸውን ጡንቻዎች ብቻ ለገለበጡት ተከታዮች ይገባል፤ ለፖንቶርሞ ግን አይገባም፤ እሱ የራሱ ዓይን ነበረውና።